የእናታችን ማኩላ ተጎድቷል ተባለ፤ የትኛውን ምርመራ እናሠራ?

ደሴ ፒያሳ ላይ ስለ ዓይን ወሬ ከተነሳ አንዱ ሳይል የማይቀረው ነገር አለ፤ «እኔ እኮ በኮምፒውተር ታይቻለሁ!» ሲጣራ የታየው መነጽር ቤት ነው። አገጩን ማሽኑ ላይ አስደግፎ፣ ከሩቅ የምትታይ ሥዕል ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ ወዲያው ቁጥር ያለባት ወረቀት ወጥታለታለች። ያ ማሽን የሚለካው የመነጽር ቁጥር ነው። ከዓይን ውስጥ በስተጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ረቲናን፣ አይመረምርም። ማኩላቸው፣ ማለትም የረቲናቸው መሐል፣ የተጎዳ እናት ያችን ወረቀት ይዘው መነጽር ቢቀያይሩ፣ ፊደሉ መሐል የተጋረጠው ጥላ ንቅንቅ አይልም።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለልጆች ነው። ምርመራውን የሚመርጠው፣ የሚከፍለው፣ ሌሊት መነኻሪያ ወርዶ አዲስ አበባ ይዟቸው የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። የምርመራው ስም ደግሞ ይበዛል፤ ኦሲቲ፣ ኤፍኤፍኤ፣ አንጂዮ፣ ፊልድ፣ ኢአርጂ። ሰው ሁሉንም «የዓይን ፎቶ» ይላቸዋል። ግማሾቹ ግን ፎቶ አያነሱም። ለየትኛው ጥያቄ የትኛው እንደሚሆን ካላወቃችሁ፣ ብሩ ይወጣና መልሱ አይመጣም።

መጀመሪያ በሽታው

ማኩላ የረቲና መሐል ናት። ስፋቷ 5 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው። ፊት የምንለየው፣ የምናነበው፣ መርፌ ላይ ክር የምናስገባው በሷ ነው። ዕድሜ ከ50 ሲያልፍ በአንዳንድ ሰው ከረቲናው ሥር ድሩሰን የሚባል ቢጫማ ጥርቅም መታየት ይጀምራል። ይህ በዕድሜ የሚመጣው የማኩላ በሽታ ደረቁ ዓይነት ነው፤ በዓመታት ነው የሚሄደው። እርጥቡ ዓይነት ሌላ ነው። ከሥር ያልተፈለጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፣ ይደማሉ። እሱ በሳምንታት ውስጥ ማየትን ሊያበላሽ ይችላል። በሽታው ነጮች ላይ ይበዛል፤ እኛን ግን አይምርም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣል።

የጎን እይታ ስለማይነካ ሰው አይነቃም። እማማ ቤት ውስጥ ሲዘዋወሩ ምንም የጎደላቸው አይመስልም። እንግዳ ሲገባ ጋቢውን ያያሉ፤ ፊቱን አይለዩም። ዳዊት ወይም ቁርኣን ሲያነቡ መስመሩ መሐል ላይ ይሰበራል፣ ወይም አንድ ፊደል ይጠፋል።

እኛ ዘንድ ትልቁ ችግር ሞራ ነው። አንድ ሽማግሌ ዓይኔ ደከመ ካሉ ሰፈሩ በሙሉ «ሞራ ነው» ይላል። ሊሆንም ይችላል። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የቆየ ስም ስላለው ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከሩቅ ወረዳ የሚመጣ ብዙ ነው። ሞራ ግን እይታውን በሙሉ ነው ጭጋግ የሚያለብሰው። መሐሉ ብቻ ከጠፋ ወይም የበሩ ደፍ ከተጣመመ ማኩላን ጠርጥሩ። ሁለቱ አንድ ዓይን ላይ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ማኩላዋ ታይታለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሞራው ወጥቶ እይታው ካልተመለሰ በኋላ ምክንያት መፈለግ ለሁሉም አሳዛኝ ነው።

መልክን የሚያሳይና ሥራን የሚለካ

ምርመራዎቹን ለሁለት ክፈሏቸው። አንዱ ወገን ረቲናው ምን እንደሚመስል ያሳያል። ሌላው ረቲናው ምን ያህል እንደሚሠራ ይለካል። የቤቱን ፎቶ አይታችሁ ግድግዳው መሰንጠቁን ታውቃላችሁ፤ ውስጥ መብራት መኖሩን ግን ፎቶው አይነግራችሁም። ዓይን ላይም ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ምስላቸው በድሩሰን የተሞላ ሆኖ ጋዜጣ የሚያነቡ አሉ። መርፌ ተወግተው ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ የደረቀላቸው፣ ምስሉ «ጥሩ» የተባለላቸው፣ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ስለቀረ የማያነቡም አሉ። ከአንዱ ወገን ብቻ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ግማሽ መልስ ነው የያዘው።

ብር ለአንድ ብቻ ካለ፤ ኦሲቲ

ከምስሎቹ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ሳላመነታ ኦሲቲ እላለሁ። ማሽኑ ለዓይን የማይጎዳ ብርሃን ልኮ፣ የሚመለሰውን እየለካ፣ የረቲናን ንብርብሮች በቁም ተቆርጠው የተገለጡ አስመስሎ ያሳያል። በዛሬዎቹ ማሽኖች የሚለየው ዝርዝር እስከ 5 ማይክሮሜትር፣ ማለትም አንድ ሚሊሜትር ለ200 ቢከፈል አንዱ እጅ ድረስ ይወርዳል። መርፌ የለውም፣ ጨረር የለውም፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ዘዴው ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን ከአሜሪካው ኤምአይቲ ተመራማሪዎች የመጣ ነው።

ለምን እሱ? ምክንያቱም ዋናው አጣዳፊ ጥያቄ «እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?» የሚለው ነው። ፈሳሽ ካለ ኦሲቲ ላይ ጥቁር ክፍተት ሆኖ ይታያል፤ በረቲናው ውስጥ ይሁን ከሥሩ ይለያል። ድሩሰን እብጠት ሆኖ ይታያል። እርጥብ ከሆነ ሕክምናው ዓይን ውስጥ የሚወጋ መርፌ ነው፤ ሐኪሙ መርፌውን መድገም አለመድገሙን የሚወስነውም በአብዛኛው በዚሁ ምስል ነው።

ኦሲቲ ስለ ሥራም ትንሽ ፍንጭ ይሰጣል። ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ባሉበት ደረጃ የምትታይ አንዲት ብሩህ መስመር አለች። መስመሯ ከተቆራረጠች በዚያ ቦታ ያለው እይታ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው። ሐኪሙን «ብርሃን ተቀባዩ መስመር መሐል ላይ ሳይቆረጥ አለ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጥሩ ሐኪም በስክሪኑ ላይ በጣቱ ያሳያችኋል።

ድክመቱ? ሞራው ከወፈረ ምስሉ ይደበዝዛል። ሰውየው ዓይኑን ማቆም ካልቻለ ይበላሻል። እና ሪፖርቱ ላይ የሚታየውን አረንጓዴና ቀይ ቀለም አይታችሁ አትደንግጡ፤ ደህና ነው ብላችሁም አትረጋጉ። ማሽኑ ያን ቀለም የሚሰጠው ውፍረቱን ከሌሎች ሰዎች ጋር አወዳድሮ ብቻ ነው። አረንጓዴ ወጥቶ በሽታ ሊኖር ይችላል።

የቀለም መርፌው፤ ኤፍኤፍኤ

ከኦሲቲ በፊት ንጉሡ እሱ ነበር። ፍሎረሲን የሚባል ቀለም በክንድ የደም ሥር ይሰጥና፣ ረቲና ላይ ሲደርስና ሲያፈስ ለ10 ደቂቃ ያህል ፎቶ ይነሳል። የሚገርመው፣ ይህን ዘዴ በሰው ዓይን ላይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1961 ኖቮትኒና አልቪስ የሚባሉ ሁለት የሕክምና ተማሪዎች ናቸው።

ኤፍኤፍኤ ከኦሲቲ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ የደም ሥሩ ሲያፈስ በዓይን ይታያል። ኦሲቲው ግልጽ ካልሆነ፣ ወይም ሐኪሙ ነገሩ ሌላ የደም ሥር በሽታ መሆኑን ከጠረጠረ ይረዳል። ዋጋው ደግሞ ብር ብቻ አይደለም። ማቅለሽለሽ አለው። ቆዳና ሽንት ለአንድ ቀን ያህል ቢጫ ይሆናል፤ ለእናታችሁ ቀድማችሁ ካልነገራችሁ ሌሊቱን «ጉበቴ ነው» ብለው ያድራሉ። ከባድ አለርጂ እምብዛም ነው፣ ግን አለ። ስለዚህ አለርጂ፣ አስም ወይም የኩላሊት ችግር ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። ድንገተኛ እርዳታ መስጠት በማይችል ቦታ ደግሞ አታሠሩ።

የተቀሩት ምስሎች

ያለ ቀለም የሚሠራ አንጂዮ፣ ማለትም የደም ሥር ምስል፣ አለ፤ ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ይባላል። የደም ሥሮቹን መረብ ከደሙ እንቅስቃሴ ያወጣዋል። መርፌ ለሚፈሩና ቀለሙ ለማይስማማቸው ጥሩ ነው። ማፍሰሱን ግን አያሳይም፤ ዓይን ትንሽ ከተንቀሳቀሰም የውሸት ጥላ ይፈጥራል። ተራ ኦሲቲ ባለበት ቦታ ይህንን ፍለጋ ብቻ መንገድ መጀመር ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም።

አይሲጂ የሚባለው ሌላው ቀለም ከረቲናው ጀርባ ጠልቆ ያሉትን የደም ሥሮች ያሳያል። መርፌ እየተወጉ ለውጥ ካልመጣ ሐኪሙ ሊያነሳው ይችላል፤ በእስያና በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ በርከት ብሎ የሚታይ፣ እርጥቡን ዓይነት የሚመስል በሽታ በሱ ይለያልና።

አውቶፍሎረሰንስ ያለ ቀለም የሚነሳ ፎቶ ነው። ደረቁ ዓይነት ከፍቶ ሴሎች የሞቱበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በየጊዜው የተነሳው ሲደራረብ ጥቁሩ ምን ያህል እንደሰፋ ይለካል። ተራው ባለቀለም ፎቶ ርካሽ ነው፤ ብዙም አይናቅ። ድሩሰንና ደም ያሳያል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ማወዳደሪያ ይሆናል። ፈሳሽን ግን በእርግጠኝነት አይለይም።

አሁን ወደ ሥራው

ርካሹን አትናቁ የምለው እዚህ ይበልጣል። የግድግዳው የፊደል ሰሌዳ፣ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ የኢ ፊደል አቅጣጫ የሚጠቆምበት፣ በየትኛውም የዓይን ክፍል አለ። እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው መለካቱን አረጋግጡ። ደህናው ዓይን የታመመውን ይሸፍንለታል፤ ብዙ ሰው አንድ ዓይኑ እንደጠፋ የሚያውቀው ሌላውን በአጋጣሚ ሲያሽ ነው።

ሰሌዳው የሚያታልልበት ጊዜም አለ። ሴሎቹ ሞተው ዙሪያው ጠፍቶ መሐሏ ነጥብ ብቻ ስትተርፍ፣ እማማ አንድ አንድ ፊደል እያነሱ ሰሌዳውን ጥሩ አድርገው ያነባሉ። መጽሐፍ ሲሰጣቸው ግን አንድ መስመር መጨረስ ያቅታቸዋል። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው የሚያነቡትን መጽሐፍ ራሱን ይዘው እንዲሄዱ ነው። «ይቺን ገጽ ባለፈው ዓመት አነብ ነበር፤ ዛሬ አልቻልኩም» የሚለው ቃል ለሐኪሙ ልኬት ነው።

የአምስለር ሰንጠረዥ በነጻ የሚገኝ ነው። 10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ፣ በየ5 ሚሊሜትሩ የተሰመረ አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ ነጥብ። ስሙን ያገኘው ከስዊዘርላንዳዊው የዓይን ሐኪም ማርክ አምስለር ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የትኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ያትምላችኋል፤ መጠኑ እንዳይቀየር ብቻ በማስመሪያ ለኩት። የማንበቢያ መነጽር ይደረጋል፣ ወረቀቱ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ይርቃል፣ አንድ ዓይን ይሸፈናል፣ ነጥቡ ላይ ብቻ ይታያል። መስመር ከተጣመመ፣ ከጠፋ፣ ከጠቆረ፣ ምልክት ይደረግበትና ቀን ይጻፍበታል። አንጎል ክፍተቱን ስለሚሞላ ብዙ ጉዳት ያመልጠዋል፤ ስለዚህ «አምስለሩ ደህና ነው» ማለት ቀጠሮ ማስቀሪያ አይደለም። አዲስ መጣመም ካሳየ ግን እመኑት።

ማይክሮፔሪሜትሪ ከሥራ መለኪያዎቹ እኔን የሚያስደንቀኝ ነው። ረቲናውን በካሜራ እያየ፣ የተመረጠች ነጥብ ላይ ደብዛዛ ብርሃን ይጥላል፤ ሰውየው ካየ ቁልፍ ይጫናል። ዓይን ሲንቀሳቀስ ማሽኑ ተከትሎ ያስተካክላል። በመጨረሻ የሚወጣው በረቲናው ፎቶ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ የትኛው ቦታ ምን ያህል ደብዛዛ ብርሃን እንደሚያይ። መልክና ሥራ አንድ ወረቀት ላይ የሚገናኙት እዚህ ነው። መሐሏ ከጠፋች በኋላ ዓይኑ የትኛውን ጤነኛ ጥግ ለማየት እንደመረጠም ያሳያል። ችግሩ ማሽኑ በብዛት በምርምርና በትልልቅ ማዕከሎች መገኘቱ ነው። ደግሞ ሽማግሌን ያደክማል፤ ደክሟቸው የተጫኑት ቁልፍ የተሳሳተ ካርታ ያወጣል።

«ፊልድ» የሚባለው ለግላኮማ የሚሠራው የእይታ ስፋት ምርመራ ብዙ ቦታ ስላለ አንዳንዴ በምትኩ ይታዘዛል። መሐሉን 10 ዲግሪ ብቻ የሚፈትሽ አሠራር አለው፤ ካሠራችሁ እሱን ጠይቁ። ሆኖም ረቲናውን ስለማያይ፣ ነጥቧን ማየት ያቃተው ዓይን ሲቃብዝ ካርታው ከቦታው ይንሸራተታል።

ኢአርጂ ረቲናው ለብርሃን የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ ይለካል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ተራው ኢአርጂ የመላውን ረቲና ድምር ስለሚሰጥ ማኩላዋ ተጎድታም «ኖርማል» ሊወጣ ይችላል። ለማኩላ የሚሆነው መልቲፎካል የሚባለው ነው፤ ስክሪኑ ላይ ብዙ ባለስድስት ጎን ሣጥኖች፣ ብዙ ጊዜ 103፣ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ለየቦታው ምላሽ ይወጣል። ቁልፍ መጫን አያስፈልግም። ከሕመሙ ደረጃ አንጻር ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚያስወጣውን ድካም አይመልስም ባይ ነኝ።

አንድ ምልክት ግን ማሽን ሳይኖር አድምጡ። መብራት ሲጠፋ ዓይናቸው ጨለማውን ለመልመድ ከበፊቱ በጣም ከዘገየ ተናገሩ። ማኩላ አካባቢ ያሉት የደብዛዛ ብርሃን ሴሎች ቀድመው ይጎዳሉ፤ የጨለማ መልመድ ፈተና የሚባለው ምርመራ የሚለካውም ይህንኑ ነው። ማንበብ ገና ሳይበላሽ ሊታይ ይችላል።

የእናንተ ጉዳይ የትኛው ነው?

ቀጥ ያለው መስመር በድንገት ከተጣመመ ወይም መሐሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከመጣ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ፣ ከዚያ ኦሲቲ። ደሴ ላይ ማሽኑ ያለበትን በስልክ አጣሩ፤ ከሌለ ወይም ከተበላሸ አዲስ አበባ ድረስ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ይኬዳል። ለዚህ ብቻ መንገዱ ያዋጣል። ሰንበቴው፣ ሰርጉ፣ መውሊዱ ይለፍ እያሉ ወር መቆየት የሚያስከፍለው ማየትን ነው።

ደረቅ ነው ከተባለና ቀስ እያለ ከሆነ፣ አንድ ኦሲቲና አንድ ባለቀለም ፎቶ ለመነሻ ይበቃል። ከዚያ ቤት ውስጥ አምስለር፣ ክትትሉ ሐኪሙ እንዳለው፣ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ ዓመት። በየወሩ ምስል ማስነሳት ጥቅም የለውም። ቪታሚን ከመግዛታችሁ በፊት ደረጃውን ጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ጥቅም ያየው መካከለኛ ደረጃ ላይ በደረሱትና አንድ ዓይናቸው ክፉኛ በተጎዳው ላይ ነው። ገና የጀመራቸው ሰዎች በዚያ አልተጠቀሙም። የሚያጨስ ሰው ደግሞ ቤታ ካሮቲን ያለበትን አይውሰድ፤ የሳንባ ካንሰር አደጋ ይጨምራል።

መርፌ እየተወጉ ከሆነ በየቀጠሮው ኦሲቲና ሰሌዳ። ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ማሽን ላይ፤ የሁለት ኩባንያ ማሽኖች ውፍረትን እኩል አይለኩም። ባለፈው ደሴ፣ ዘንድሮ አዲስ አበባ የተለካን ቁጥር አጠጋግቶ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት ያሳስታል።

ምስሉ ደህና ነው እየተባለ እማማ «አላይም» ካሉ እሳቸውን እመኑ። ሥራ የሚለካውን የምትፈልጉት እዚህ ላይ ነው፤ በመጽሐፋቸው ማስነበብ፣ የመሐል ፊልድ፣ ከተገኘ ማይክሮፔሪሜትሪ። መልቲፎካል ኢአርጂም ቦታ የሚኖረው ሐኪሙ ግራ ሲገባው ነው። ጠባሳ ሆኖ ያለቀ ዓይን ከሆነ ግን ተጨማሪ ምስል ምንም አይጨምርም፤ ብሩ ለማጉያ መነጽርና ለጥሩ የማንበቢያ መብራት ይዋል።

ከመሄዳችሁ በፊት

ስልክ ስትደውሉ «የዓይን ፎቶ አለ?» አትበሉ፤ ስሙን ጥሩ። ዋጋው ለአንድ ዓይን ነው ወይስ ለሁለቱ? ማሽኑ ዛሬ ይሠራል? ምስሉን የሚያነበው ሐኪም በየትኛው ቀን አለ? በማኅበረሰብ ጤና መድን የምትጠቀሙ ከሆነ የሪፈር ወረቀቱን ደረጃ ሳትዘሉ ያዙ።

ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከገባ እይታ ለሰዓታት ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ያውካል። ከኮምቦልቻ የመጡ አባት ብቻቸውን የሐረጎን መጠማዘዣ በታክሲ እንዳይወርዱ ሰው አብሯቸው ይሁን፤ ባርኔጣ ወይም ጥቁር መነጽርም ያዙላቸው። የራሳቸውን መኪና የሚነዱ ካሉ ያን ቀን ቁልፉን ተቀበሏቸው።

ውጤቱን በወረቀት ብቻ አትቀበሉ። የታተመው ብዙውን ጊዜ አንዲት ቁራጭ ናት፤ ማሽኑ ግን ብዙ ቁራጮችን ነው ያነሳው። በፍላሽ ስጡን በሉ። አዲስ አበባ ላለ ሐኪም በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩት፤ በፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ያቺ ቀጭን መስመር መቆረጧ አይለይም። ስም፣ ቀንና ቀኝ ወይም ግራ ዓይን መሆኑ ምስሉ ላይ መታየቱን ከክፍሉ ሳትወጡ አረጋግጡ።